ምዕራፍ 5፦ ከሰው ዓይን የተወረሰ ፍርድ

በ1961 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ የታጨደ ደንገል ተጭኖ ግብፅ ገባ። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደ ነበር በተግባር ለማሳየት ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። ከቻድ ሐይቅ የመጡ የጀልባ ሠሪዎች ደንገሉን በፒራሚዶቹ አጠገብ አስረው «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። ጀልባዋ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ከሞሮኮዋ የሳፊ ከተማ ተነሥታ አብዛኛውን የአትላንቲክ መንገድ ከተጓዘች በኋላ ተጎድታ ቀረች። በተከታዩ ዓመት የተሠራችው «ራ 2» ግን ውቅያኖሱን አቋርጣ ባርቤዶስ ደረሰች።

በጣና ዳርቻ ደንገልን ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ያጭዱታል፣ ያደርቁታል፣ እየጠቀለሉ ያስሩታል፤ ከዚያም ሰውም እንጨትም የሚጭን ታንኳ ይሆናል። ደንገል ውኃ ስለሚመጥ ታንኳው ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ስለዚህ ሙያው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ በየጊዜው ይታደሳል፣ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ሐይቁን፣ ነፋሱንና የዓሣውን መንገድ ማወቅም የዚሁ ሙያ አካል ነው።

እነዚህ ሰዎች ግን ለብዙ ትውልድ በጎረቤቶቻቸው ተንቀው ኖረዋል። አብሯቸው የሚበላ፣ ከእነርሱ የሚጋባ አልነበረም። ለንቀቱ የሚሰጠው ምክንያት አባቶቻቸው ጉማሬ ማደናቸውና ሥጋውን መብላታቸው ነበር። ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ቢጠሩም፣ በዚሁ ምክንያት ክርስቲያኑም ሌላውም ሙስሊም በሙሉ ልብ አልተቀበላቸውም። አንትሮፖሎጂስቱ ፍሬድሪክ ጋምስት በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ከአደን ወደ እርሻ መሸጋገራቸውን መዝግቧል። የጉማሬው አደን አልፏል። ንቀቱ ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ቀጥሏል።

እንግዲህ ወደ አንድ ተክል ሁለት ዓይኖች ተመለከቱ። አንዱ አህጉር አቋርጦ ፈለገው። ሌላው በአጠገቡ እየኖረ በእርሱ የሚሠሩትን እጆች ናቀ። ደንገሉ ያው ነው፤ ሙያውም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው ተመልካቹ ዘንድ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ግለሰብ ሕመም ለመናገር ነው። ብዙ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን «ከሰው አንሳለሁ» የሚል ስሜት ተሸክመው ይኖራሉ። ስሜቱ ስለ ራሳቸው የሚነግራቸው እውነት ይመስላቸዋል። በዚህ ምዕራፍ የማስረዳው ግን ይህ ስሜት ከሰው ዓይን የተማርነው ፍርድ መሆኑን፣ ሳናውቀው በራሳችን ጥንቃቄ እየመገብን የምናቆየው መሆኑን፣ ስለዚህም ተመርምሮ ሊሻር የሚችል መሆኑን ነው።

ፍርዱ ከየት ይመጣል?

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ቻርልስ ኩሊ በ1902 እ.ኤ.አ. ሰው ስለ ራሱ ያለው ስሜት በሦስት እርምጃ እንደሚሠራ ጻፈ። መጀመሪያ ለሌላው ሰው እንዴት እንደምንታይ እናስባለን። ቀጥለን ያ ሰው ባየው ነገር ምን እንደሚፈርድ እንገምታለን። በመጨረሻ በገመትነው ፍርድ እንኮራለን ወይም እናፍራለን። ልጅ ሳለን ይህን ግምት የምንመረምርበት አቅም የለንም። አባት «ይህ ልጅ ሰው አይሆንም» ካለ፣ ለልጁ ይህ የአንድ የደከመው ሰው የንዴት ቃል አይደለም፤ የዓለም እውነት ነው።

በእኛ ቤት ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ልጁን እንደሚያበላሽ ይታመናል። «ፊት ከሰጡት» ይባላል። ፍቅር በምግብ፣ በልብስና በትምህርት ቤት ክፍያ ይገለጻል፤ ስሕተት ግን በቃል ይነገራል። ልጁ በዝምታ የተሰጠውን ሳያስተውል በቃል የተነገረውን ይይዛል። የጎረቤት ልጅም አለ፤ «እገሌን አታየውም?» እየተባለ ዘወትር የሚጠቀስ። እናትና አባት ይህን የሚሉት ልጃቸው እንዲበረታ ፈልገው ነው። ልጁ የሚሰማው ግን «አንተ ብቻህን በቂ አይደለህም» የሚል ነው።

ትምህርት ቤት ሲገባ ፍርዱ ቁጥር ያገኛል። ሰርተፍኬት ላይ ከየትምህርቱ ውጤት በታች ደረጃ ተጽፎ ይመጣል፤ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀውም «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ በርትቶ፣ ያልገባው ነገር ገብቶት፣ ሠላሳኛ የወጣ ልጅ ደረጃው ስላወቀው ነገር ምንም አይነግረውም፤ ሃያ ዘጠኝ ልጆች እንደሚበልጡት ብቻ ይነግረዋል።

ማርክ ሊሪ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1995 እ.ኤ.አ. ለራሳችን የምንሰጠው ግምት በሰዎች ዘንድ ምን ያህል ተቀባይነት እንዳለን የሚጠቁም መለኪያ መሆኑን አስረድቷል። ሰው ብቻውን መኖር ስለማይችል፣ የመገለል አደጋ ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ነገር ውስጡ አለ። ይህ ጤናማ ነው። ሥር በሰደደ የበታችነት ስሜት ላይ የሚሆነው ግን፣ የነዳጅ ጠቋሚው ባዶ ላይ ተጣብቆ የቀረ ባጃጅ ላይ የሚሆነውን ይመስላል፤ ነዳጅ ቢሞላም ሹፌሩ የሚያየው ባዶውን ነው። ይህ ስሜት ያለበትን ሰው ሌሎች ይወዱታል፣ ያምኑታል፣ ይፈልጉታል፤ ከውስጡ የሚሰማው ምልክት ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።

ንቀት ሁሉ ለምን ልብ አይገባም?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የተናቀ ሁሉ ራሱን ይንቃል ብለን እናስባለን። በአሜሪካ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ ለጥቁር ልጆች ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት እያሳዩ የትኛው «ጥሩ» እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ ነጩን መረጡ። ጥናቱ በ1954 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ሲያደርግ ተጠቅሷል። ዘረኝነት ልጅ ልብ ውስጥ እንደሚገባ ያሳየ ከባድ ማስረጃ ነበር።

ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ሲመዘኑ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከነጮቹ የማያንስ፣ እንዲያውም በአማካይ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ጄኒፈር ክሮከርና ብሬንዳ ሜጀር በ1989 እ.ኤ.አ. ሦስት መከላከያዎችን ለይተው አሳዩ። የተናቀ ሰው ንቀቱ የመጣው ከናቂው አድልዎ መሆኑን ያውቃል። ራሱን የሚያስተያየው ከራሱ ወገን ጋር ነው። ወገኑ የሚከበርበትን ሙያና ጸባይ ደግሞ ከፍ አድርጎ ይይዛል። እነዚህ ሦስቱ ሲኖሩ ስድቡ ጆሮ ላይ ይደርሳል፤ ልብ ድረስ ግን አይዘልቅም።

ስለዚህ ነገደ ወይጦ ተንቀዋልና ራሳቸውን ይንቃሉ ብሎ መደምደም ሌላ ንቀት ነው። ሐይቁን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ፣ ልጁን ታንኳ ማሰር የሚያስተምር፣ ሽማግሌዎቹን የሚያከብር ወገን የራሱ መለኪያ አለው። ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚደርሰው መከላከያው በሌለበት ነው። ናቂው የገዛ አባት ሲሆን፣ ስድቡ «ስለ አንተ ብዬ ነው» እየተባለ ሲነገር፣ ሕፃኑም የሚጠጋበት ሌላ ወገን ሲያጣ፣ ፍርዱ ያለ ማንም ተከላካይ ይገባል። ሥር የሰደደ የበታችነት ስሜት ብዙ ጊዜ የሚያድገው ከውጭ ሲታይ ምንም ባልጎደለበት ቤት ውስጥ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

መከላከያ በሌለበት ፍርዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት አንድ የአገራችንን ቁጥር እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ውጤታቸውን በስልክ አይተው «ወደቅሁ» ብለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። እያንዳንዱ ብቻውን አፈረ። ከመቶ ከዘጠና ስድስት በላይ የሚሆኑት ያላለፉት ፈተና ግን ስለ ትምህርት ሥርዓቱ፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ መምህራን ሁኔታ፣ ስለ ሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ብዙ ይናገራል፤ ስለ አንዱ ልጅ ማንነት የሚናገረው እጅግ ትንሽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውም እንዲሁ ናቸው። የጋራ የሆነን ጉዳት የግል ጉድለት አድርጎ መሸከም ፍርዱ ልብ የሚገባበት ሰፊ በር ነው።

ፍርዱ ራሱን እንዴት ይመግባል?

በእንግሊዝ ኦክስፎርድ የሠራችው የሥነ ልቦና ሐኪም ሜላኒ ፈኔል በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ማብራሪያ ዛሬም ለሕክምናው መሠረት ሆኖ ያገለግላል። ሐሳቧን በባሕር ዳር ሕይወት ላይ አድርገን እንየው።

ከገጠር ወረዳ ተመድባ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ የገባች አንዲት ተማሪ እናስብ። ከልጅነቷ ጀምሮ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» እየተባለች አድጋለች። ይህ በልቧ ውስጥ አንድ መደምደሚያ ተክሏል፦ «እኔ ከሰው አንሳለሁ»። ከዚህ መደምደሚያ ጋር መኖር ስለሚያም፣ የምትኖርበት ሕግ አበጀች፦ «አፌን ካልከፈትኩ ማንም አያውቅብኝም»። ሕጉ እስካልተነካ ድረስ ሰላም አለ። ውጤቷም ጥሩ ነው።

አንድ ቀን መምህሩ ተራ በተራ ፕረዘንቴሽን እንደሚኖር ያስታውቃል። ሕጉ አደጋ ላይ ወደቀ። ወዲያው ትንቢቱ ይመጣል፦ «እንግሊዝኛዬ ይሰበራል፣ ይስቁብኛል፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ አልሄድም»። እንቅልፍ ታጣለች። ራሷን ለመጠበቅ ጥንቃቄ ትጀምራለች፤ እያንዳንዱን ቃል ጽፋ ትይዛለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ አታነሣም፣ ወይም የቡድኗን ልጅ «አንተ አቅርብልኝ» ብላ ትለምናለች።

አሁን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ካላቀረበች «ባቀርብ ኖሮ እዋረድ ነበር» የሚለው እምነቷ ሳይፈተን ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ተደፍታ ካቀረበች ደግሞ ድምፅዋ ይደክማል፣ የሰሚው ልብ ይርቃል፤ እርሷም ይህን አይታ «አልኩኝ አይደል» ትላለች። ምንም ክፉ ነገር ባይደርስ እንኳ ምስጋናው ለጥንቃቄዋ ይሆናል እንጂ ለችሎታዋ አይሆንም። ማታ ዶርም ገብታ ራሷን ስትሰድብ ታድራለች። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ክቡ ይዘጋል፤ ያ የድሮ መደምደሚያም አንድ ተጨማሪ ምስክር ያገኛል።

ይህ ክብ በሌላ መልክም ይመጣል። በክልል ቢሮ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር «ለእኔ የሚሆን አይደለም» ብሎ ያልፋል። የባልደረቦቹን ሥራ ሁሉ ይሠራል፤ እንቢ ካለ የሚጠሉት ይመስለዋል። ሲያመሰግኑት «ኧረ ምንም አላደረግሁም» ይላል፤ ከትሕትና ሳይሆን ከልቡ ስለሚያምንበት። ሌላው ደግሞ ከሰው በታች ላለመታየት ሁሉን ያናንቃል፣ ቀድሞ ይሰድባል፣ ስሕተቱን አያምንም። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያገለግላል፣ አንዱ ይታበያል። ሦስቱም ያንኑ ፍርድ እየፈሩ ነው።

ትሕትና እና ራስን ማናናቅ

በጣና ደሴቶች ገዳማትና በዘጌ አድባራት ጥላ ሥር ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ጥያቄ ያስነሣል። ራስን ዝቅ ማድረግ መልካም ነገር ሆኖ እያለ ለራስ ግምት መስጠት ትዕቢት አይሆንም ወይ?

ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በኒውዮርክ ግዛት ከ5,000 የሚበልጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያጠናበት መለኪያ አሥር ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። ሮዘንበርግ ለራሱ ጤናማ ግምት ያለው ሰው ከሌላው እበልጣለሁ የሚል እንዳልሆነ አጥብቆ ያስረዳል። ጤናማ ግምት ማለት እንደ ማንኛውም ሰው ዋጋ እንዳለን፣ ጉድለታችንን እያወቅን በቂ ሰው መሆናችንን መቀበል ነው።

ስለዚህ ትሑት ሰውና ራሱን የሚንቅ ሰው አንድ አይደሉም። ትሑት ሰው ስለ ራሱ ብዙ አያስብም፤ ልቡ ሥራው ላይና ሌላው ሰው ላይ ነው። ራሱን የሚንቅ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ስለ ራሱ ያስባል፤ «ምን አሉኝ? እንዴት አዩኝ? ምን ተናገርሁ?» እያለ። ይሉኝታም ሁለት ፊት አለው። ሰው እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ሲሆን ክብር ነው፤ የራስን መብት ለመጠየቅ አፍ የሚያዘጋ ሲሆን ግን ፍርሃት ነው። ክርስትናውም እስልምናውም ሰው በፈጣሪው የተከበረ ፍጥረት እንደሆነ ያስተምራሉ። ያንን ፍጥረት መስደብ፣ ተሰዳቢው ራሳችን ስለሆንን ብቻ ጽድቅ አይሆንም።

ሙገሳ ብቻውን ለምን አይፈውስም?

አሜሪካኖች ይህን ችግር በምስጋና ለመፍታት ሞክረው ነበር። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1986 እ.ኤ.አ. የዜጎችን ለራስ የሚሰጥ ግምት ከፍ ለማድረግ ግብረ ኃይል አቋቋመ። ትምህርት ቤቶች ልጆችን በሙገሳ አጥለቀለቁ። በ2003 እ.ኤ.አ. ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እስከዚያ የተደረጉትን ጥናቶች ሲመዝኑ፣ ለራስ የሚሰጥን ግምት ማሳበጥ ውጤትን እንደማያሻሽል አገኙ። እንዲያውም ግምቱ በከፊል የጥሩ ውጤት ተከታይ እንጂ መሪ አይደለም።

በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በካናዳ ያደረጉት ሙከራ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ሰዎች ከደጋገሙ በኋላ ስሜታቸው ይባስ ከፋ። ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር በውስጣቸው ያለው የድሮ ድምፅ «ውሸት!» እያለ ይመልሳል። ከመስተዋት ፊት ቆሞ «እኔ አሸናፊ ነኝ» ማለትን የሚመክሩ የስኬት ንግግሮች ይበልጥ የሚያደክሙት ይበልጥ የተጎዳውን ነው።

ፍርድ የሚሻረው በማስረጃ ነው። ማስረጃ ደግሞ የሚገኘው ከተግባር ነው።

ምን ይሠራል?

ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ፈኔል ካዘጋጀችው የሕክምና መንገድ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። በባለሙያ እገዛ ሲሠሩ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለተወሰኑ ወራት ይካሄዳሉ።

አንደኛ፣ ዐረፍተ ነገሩን ይያዙ። ልብዎ ሲከፋ በዚያች ቅጽበት ለራስዎ ያሉትን ቃል እንደ ወረደ ወረቀት ላይ ይጻፉ። «ደደብ ነኝ።» «ማንም አይፈልገኝም።» ቀጥለው ይህ የማን ድምፅ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ሰው የአንድን መምህር ወይም የአንድን አጎት ቃል ከነአነጋገሩ ያገኘዋል። ቃሉ ባለቤት ሲያገኝ እውነትነቱ መጠየቅ ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ትንቢቱን ይፈትኑ። ከማድረግዎ በፊት ምን እንደሚሆን ይጻፉ፦ «በስብሰባው ላይ ብጠይቅ ይስቁብኛል፤ 80 በመቶ እርግጠኛ ነኝ»። ከዚያ ይጠይቁ። የሆነውንም ይጻፉ። ስንት ሰው ሳቀ? መልስ ተሰጠዎት? ከትንሹ ይጀምሩ፤ መጀመሪያ መምህሩን ከክፍል ውጭ፣ ቀጥሎ በትንሽ ቡድን፣ ከዚያ በሙሉ ክፍል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ አንድ ጥንቃቄ ይተዉ። ወረቀቱን አስቀምጠው ዓይን ለዓይን ያውሩ። ሲያመሰግኑዎት «ምንም አላደረግሁም» ከማለት «አመሰግናለሁ» ብለው ያቁሙ። ለማይችሉት ሥራ «ዛሬ አልችልም» ይበሉ። ሰማይ እንዳልተደፋ ሲያዩ፣ ሲጠብቅዎት የኖረው ጥንቃቄው እንዳልነበረ ይገነዘባሉ።

አራተኛ፣ ማስረጃ ይሰብስቡ። ማታ ማታ በደብተር ሦስት ነገር ይመዝግቡ፤ የሙገሳ ቃል ሳይሆን የሆነ ነገር። «ጎረቤቴ ገበያ ስትሄድ ልጇን ለእኔ ትታ ሄደች።» «የዕድሩን ሒሳብ ያለ ስሕተት አስረከብሁ።» «እኅቴ ስታዝን መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው።» እምነት የማይጣልበት ሰው ልጅ አይተውለትም። የድሮው ፍርድ እነዚህን ሁሉ እያየ እንዳላየ ሲያልፋቸው ነው የኖረው፤ ደብተሩ እንዳያልፋቸው ያደርጋል።

አምስተኛ፣ ሕጉን ይቀይሩ። «ሁሉም ካልወደደኝ ዋጋ የለኝም» የሚለውን «ሰው ሲወደኝ ደስ ይለኛል፤ ባይወደኝም ሰውነቴ አይቀንስም» በሚል ይተኩት። አዲሱ ሕግ ወዲያው እውነት ሆኖ አይሰማም። ለጥቂት ሳምንታት እንደሚያምኑበት ሆነው ይኑሩበትና ውጤቱን ይዩ።

ስድስተኛ፣ ሲወድቁ ለራስዎ የሚናገሩትን ይስሙ። ታናሽ ወንድምዎ ከፈተና ወድቆ ቢመጣ «አይዞህ፣ እስኪ የት ላይ እንደከበደህ አሳየኝ» ይሉታል እንጂ «ድሮስ» አይሉትም። ክሪስቲን ኔፍ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረገቻቸው ጥናቶች ለራሳቸው እንዲህ ርኅራኄ የሚያሳዩ ሰዎች የተሻለ የአእምሮ ጤና እንዳላቸው አሳይታለች። ርኅራኄ ስንፍናን አያመጣም፤ ስድብ የሚወስደውን ጉልበት ለመነሣት ያስቀርልናል።

ሰባተኛ፣ የሚፈለጉበት ቦታ ይኑርዎት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ማኅበር፣ ዕድር፣ የሰፈር የጽዳት ዘመቻ፣ የልጆች ጥናት ማገዝ፣ ማለዳ በሐይቁ ዳር ከሚሮጡት ጋር መሮጥ፤ የትኛውም ይሁን፣ ካልመጡ የሚጠየቁበት ቦታ ይፈልጉ። በአደባባይ ለመታየት ሳይሆን በትንሽ ሥራ ለመጥቀም ይሂዱ።

እነዚህ እርምጃዎች የማይበቁበት ጊዜ አለ። ሐዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ከሁሉም በላይ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ነገሩ ከበታችነት ስሜት አልፎ ሕክምና የሚያስፈልገው ሆኗል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ጸበሉን ሳይተው ሐኪም ዘንድ መሄድ ይችላል። ዛሬውኑ ለሚያምኑት አንድ ሰው መናገር ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

የሚፈርደው ሰው ድርሻ

እስካሁን ለተጎዳው ተናገርሁ። ፍርዱን ለሚሰጠው ሰው ካልተናገርሁ ግን ምዕራፉ ጎዶሎ ይሆናል።

በዘሩ ወይም በሙያው ምክንያት ሥራ ለተከለከለ፣ ጎረቤት አብሮት ለማይበላ ሰው «አስተሳሰብህን ቀይር» ብሎ መምከር ግፍ ነው። እዚያ መቀየር ያለበት የናቂው ልማድ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በማኅበራዊ አመጣጥ ወይም በትውልድ ልዩነት እንደማይደረግበት ይደነግጋል። ሕጉ በማዕድ ዙሪያና በትምህርት ቤት ግቢ ካልደረሰ ግን ልጆች ከእኛ የሚማሩት ሌላውን ሕግ ነው። በባሕር ዳር የሚኖር አባት የነገደ ወይጦን ልጅ ከልጁ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ሲያስቀምጥ ሁለቱንም ልጆች ያስተምራል፤ አንዱ እንደማያንስ፣ ሌላውም እንደማይበልጥ።

በየቤታችንም እንዲሁ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልጅን መገሠጽ ይገባል፤ ነገር ግን በሥራው እንጂ በሰውነቱ ላይ አንፍረድ። «ዛሬ የቤት ሥራህን አልሠራህም» የሚለው ቃል ልጁ ነገ የሚያስተካክለውን ነገር ያሳየዋል። «አንተ ሰነፍ» የሚለው ግን የሚያስተካክለው ነገር አይሰጠውም፤ ተሸክሞት የሚያድገው ስም ይሰጠዋል። ሰርተፍኬቱን ይዞ ሲመጣም ስንተኛ እንደወጣ ከመጠየቃችን በፊት ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር እንዳወቀ እንጠይቀው። መምህር በክፍሉ ውስጥ የተሰበረ እንግሊዝኛ ሲሰማ ሳቁን አስቁሞ መልሱን ቢያዳምጥ፣ ያቺ ከገጠር የመጣች ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት እጇን ልታነሣ ትችላለች።

ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ከማለፍዎ በፊት ሁለት ሥራ ይሥሩ። በአንድ ገጽ ላይ ልጅ ሳሉ ስለ ራስዎ የሰሙትንና እስከ ዛሬ የሚያምኑትን አንድ ቃል ይጻፉና በዚህ ሳምንት በምን ተግባር እንደሚፈትኑት ከሥሩ ያክሉ። በሌላው ገጽ ላይ እርስዎ ለሌላ ሰው የሰጡትን እንዲህ ያለ ቃል ይጻፉ፤ ሰውየው በሕይወት ካለ ሄደው ቃሉን ያንሡለት። የመጀመሪያው ገጽ የራስዎን ሕይወት ያቀልልዎታል። ሁለተኛው ደግሞ ሌላው ሰው ብቻውን ሲሠራው የኖረውን ከባድ ሥራ ያግዘዋል።